እዚህ ቤት አይገባም! ሴንተሩ ዲኬምቤ ሙቶምቦ

ባሕር ዳር ውስጥ ቁመቱ ዘለግ ያለ ተማሪ ሰላም የለውም። በዘምባባው ሥር ሲያልፍ ጓደኞቹ «አንተ ሎንጋ፣ እላይ አየሩ እንዴት ነው?» ይሉታል። ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ «አንተማ ቅርጫት ኳስ ነው የሚያዋጣህ፣ ሴንተር ትሆናለህ» ተብሎ መረብ ያልተረፈው ቀለበት ሥር ይቆማል። ሴንተር ምን እንደሚሠራ ግን የሚነግረው የለም። እጁን ዘርግቶ መቆም ብቻ!

ውድ ወጣቶች፣ ዛሬ ይህንን ሥራ በአንድ ሰው ሕይወት እንመልከተው። ሰውየው እንደ እኛዋ ባሕር ዳር ከትልቅ ወንዝ ዳር ከተቆረቆረች የአፍሪካ ከተማ፣ ኮንጎ ወንዝ ዳር ካለችው ኪንሻሳ የተገኘ ነው። ዲኬምቤ ሙቶምቦ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 ሳንቲ ሜትር ነበር። ቀለበቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ልዩነቱን እናንተ አስሉት።

የልጁ ምኞት ግን ሐኪም መሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ ዋሽንግተን ወዳለው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሄደው ሕክምና ሊማር ነው። እንግሊዝኛውም ገና ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ለዩኒቨርሲቲው ቡድን አልተጫወተም። ከዚያ አሠልጣኙ ጆን ቶምፕሰን፣ በወጣትነታቸው እሳቸውም ሴንተር የነበሩ፣ ወደ ቡድናቸው ወሰዱት። የሕክምናው ነገር ቢቀርም እ.ኤ.አ. በ1991 በቋንቋ ጥናትና በዲፕሎማሲ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ዴንቨር ነጌትስ ከአዲስ ገቢዎች በ4ኛ ደረጃ መረጠው። ፕሮፌሽናል የሆነው ዲግሪውን ይዞ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሴንተር የቀለበቱ ዘበኛ ነው። የሳተችውን ኳስ ይለቅማል (ሪባውንድ ይሉታል)፣ የተወረወረችውን ደግሞ አየር ላይ ይመልሳል፤ ይህ ብሎክ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሕግ አለው። ኳሷ ወደ ቀለበቱ መውረድ ከጀመረች በኋላ የነካት ተከላካይ ነጥቡ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ገና ስትወጣ መድረስ አለበት። ቸኩሎ ከዘለለ ደግሞ የሚያገኘው የተወርዋሪውን እጅ ነው፤ ፋውል! ኤንቢኤ ውስጥ ስድስተኛው ፋውል፣ በዓለም አቀፉ ሕግ ደግሞ አምስተኛው ከሜዳ ያስወጣል። ቁመት ብቻውን የትም አያደርስም። ማታ ስትጫወቱ ሞክሩት፤ ኳሷ ከጓደኛችሁ እጅ እስክትለቅ ድረስ አትዝለሉ። መታገሱ ከመዝለሉ ይልቅ ይከብዳል።

ሙቶምቦ በዚህ የተካነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የምዕራቡ 8ኛ ሆኖ ያለፈው ዴንቨር ከአንደኛው ከሲያትል ጋር ተገናኘ። ሁለቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ ሁሉም ሰው አለቀላቸው አለ። ዴንቨሮች ቀጣዮቹን ሦስቱን በተከታታይ አሸንፈው አለፉ! ሙቶምቦ በአምስቱ ጨዋታዎች 31 ኳስ መልሷል። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ኳሷን ከራሱ በላይ ይዞ ወለሉ ላይ ተንጋሎ ነበር፤ ሳቁ እስካሁን በፎቶግራፍ ይታያል።

ኳስ ሲመልስ ጠቋሚ ጣቱን ከወዲያ ወዲህ ያወዛውዛል፤ «እዚህ ቤት አይገባም» ማለቱ ነው። እኔስ ያለሰዓቱ መሶብ ሊከፍት የመጣ ልጅን የምትከለክል እናት ትመስለኛለች። ሊጉ ግን አልወደደውም፤ በተጋጣሚ ፊት ማወዛወዝ ቴክኒካል ፋውል ያስቀጣል ተባለ። እሱም ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዞረና ማወዛወዙን ቀጠለ።

በ18 የውድድር ዘመን 3,289 ኳስ መለሰ፤ ከእሱ የሚበልጠው ናይጄሪያ የተወለደው ሐኪም ኦላጁዎን ብቻ ነው። የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ አራት ጊዜ ተሸልሟል። በአማካይ ያስቆጠረው ነጥብ ስንት ይመስላችኋል? በጨዋታ 9.8፤ አሥር እንኳ አይሞላም! ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 የቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ውስጥ ስሙ ሰፈረ።

የሐኪምነቱ ምኞት በሌላ መንገድ ተመልሶ መጣ። ኪንሻሳ ውስጥ እናቱ ታመሙ። በጦርነቱ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ሆስፒታል መድረስ አልቻሉም፤ ቤታቸው ውስጥ አረፉ። በዚያን ጊዜ ልጃቸው አሜሪካ ውስጥ ሚሊየነር ነው። ከራሱ ኪስ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ፣ የሌሎችንም እርዳታ አሰባስቦ፣ በከተማዋ ባለ300 አልጋ ሆስፒታል አሠራ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ሲጀምር ስሙ ቢያምባ ማሪ ሙቶምቦ ሆስፒታል ተባለ፤ የእናቱ ስም ነው።

እሱ ግን ያኔ ገና መጫወቱን አላቆመም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2009፣ በ42 ዓመቱ፣ ለሂዩስተን ሲሰለፍ ጉልበቱ ተጎዳ፤ በቃሬዛ ወጣ፤ አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2024 በአንጎል ካንሰር በ58 ዓመቱ አረፈ። ይለብሰው የነበረውን 55 ቁጥር ዴንቨርም አትላንታም ለሌላ ተጫዋች እንዳይሰጥ አድርገው ከአዳራሻቸው ጣሪያ ሥር ሰቅለውታል።