የሰፈር ሜዳና የመንግሥት ገንዘብ

ባለፈው እሑድ በአዲስ አበባ ዳርቻ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ወደ አንዱ ወዳጃችንን ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ከሕንፃዎቹ ጀርባ ሰው ሠራሽ ሣር የለበሰ፥ በሽቦ የታጠረና መብራት የተተከለበት አዲስ ሜዳ አየንና ደስ አለን። ዳሩ ግን በውስጡ የሚጫወቱት ከሌላ ሰፈር በመኪና የመጡ ጎልማሶች ነበሩ። የሰፈሩ ልጆች ሽቦውን ይዘው ይመለከታሉ። አንደኛው ልጅ ዘበኛውን፥ «ጋሼ፥ እነሱ ሲጨርሱ አሥር ደቂቃ ብቻ» ብሎ ቢለምነው፥ ዘበኛው በቁጣ ሳይሆን እያዘነ፥ «የኔ ልጅ፥ በሰዓት ነው የሚከራየው፤ እኔ ምን ላድርግህ» ሲል መለሰለት። ልጆቹም ወደ መኪና ማቆሚያው ተመልሰው በድንጋይ ጎል ሠርተው ጨዋታቸውን ቀጠሉ።

ስለ እግር ኳሳችን በተነሣ ቁጥር ወሬያችን ሁሉ ስለ ትልቁ ስታዲየም ነው። ምክንያትም አለን። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ፥ በሕዝቡ ፊት፥ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ግብጽን 2 ለ 0 ሲረታ፥ ጨዋታው «በሜዳችን» የተቆጠረ ቢሆንም የተደረገው በማላዊ፥ በሊሎንግዌ ከተማ ነበር፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚቀበለው ስታዲየም በአገራችን አልተገኘምና። ይህ ያስቆጫል፤ እኛንም አስቆጭቶናል። ሆኖም ወደፊት በዚያ ስታዲየም የሚጫወተው ልጅ ዛሬ የት ይለማመዳል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ክፍት ቦታ በከተማችን እንዴት እንደሚታይ ለማወቅ ጃን ሜዳን ማስታወስ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛወረ፤ ሰው ተጨናንቆ እንዳይታመም በመታሰቡ ነውና አሳቡን አንነቅፍም። ኳስ ተጫዋቹና ሯጩ ግን ሜዳቸውን አጥተው ከረሙ፤ ቦታው የተለቀቀው ለ2013 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ሲደርስ ነው። ቦታ ሲጠፋ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ሜዳ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንደ ጀሞ፥ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ያሉት ሰፈሮች ሲሠሩ ቤቱ ቀደመ፤ ሌላው ሁሉ ለኋላ ቀረ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦችም ወደ ዳርቻው ሄደዋል። ልጆቻቸው የለመዱትን ሰፈር ትተው ነው የሄዱት፤ በአዲሱ ሰፈር ጓደኛ የሚያፈሩበት ሜዳ ለእነርሱ ቅንጦት አይደለም።

የሌላውን አገር ብናይ፥ የፈረንሳይ መንግሥት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሦስት ዓመት 5,000 ትንንሽ የስፖርት ሜዳዎች እንዲሠሩ 200 ሚሊዮን ዩሮ መደበ፤ ቅድሚያውንም ለድኾቹ የከተማ ዳርቻዎችና ለገጠሩ ሰጠ። ሒሳቡ ሲካፈል ለአንድ ሜዳ በአማካይ 40 ሺህ ዩሮ ይደርሰዋል። የገንዘቡ ነገር እንኳ ከእኛ አቅም ጋር አይወዳደርም። እኛን የማረከን ሌላ ነው፤ ይኸውም ገንዘቡን የሚጠይቀው ወገን ከሜዳው ተጠቃሚዎች ጋር ውል መግባት የነበረበት መሆኑ ነው። እንግዲህ ማን እንደሚጠቀምበትና ማን እንደሚያሠለጥንበት በወረቀት ይሰፍር ነበር ማለት ነው።

የሰዓት ኪራይን በጅምላ ማውገዝ አንሻም። ሰው ሠራሽ ሣር ያልቃል፤ አምፖል ይቃጠላል፤ ዘበኛም ደመወዝ ይፈልጋል። ነገር ግን ሜዳው በመንግሥት ገንዘብ ከተሠራ፥ ከትምህርት ቤት መልስ እስከ ምሽት ያለው ሰዓት ለሰፈሩ ልጆች በነጻ ቢተው፥ መብራት የሚበራበትን የማታውን ሰዓት ደግሞ የሚችል ቢከፍልበት ምን ይጎዳል? የወረዳ ዕቅድ የምታዘጋጁ ወጣት ሠራተኞች፥ አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ቀን ከመጀመሩ በፊት ለግንባታው ከምትይዙት ገንዘብ አጠገብ ለጥገናው አንድ መስመር ጨምሩ፤ የልጆቹንም ሰዓት ጻፉ።

ስንመለስ ይህንኑ አሳብ ለዘበኛው አጫወትነው። ጥቂት አሰብ አድርጎ፥ «ጽፈው ይስጡኝ እንጂ በሩንስ የምከፍተው እኔው ነኝ» አለን።