ከሞፈር እስከ በርጩማ

(ድምፅ፦ መጥረቢያ እንጨት ሲጠርብ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ ከጎንደር ከተማ ተነስቶ በወገራና በዳባት አልፎ ደባርቅ የሚገባው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች፤ ከዚያ በላይ የሰሜን ተራሮች ይጀምራሉ። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት የገበሬ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ ብትቀመጡ፣ በዙሪያችሁ ከምታዩት አብዛኛው ከሱቅ የመጣ አይደለም። ግድግዳውን ተጠግቶ የተሠራው መደብ፣ ጓዳ የቆመው የእህል ጎታ፣ በጠፍር የተጠላለፈው አልጋ፣ ከግንድ የተፈለፈለው በርጩማ፣ ገበቴው፣ ሙቀጫው፣ በር ሥር የተደገፈው ሞፈርና ቀንበር፣ ሁሉም የቤተሰቡ ወይም የጎረቤት የእጅ ሥራ ነው።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚህ ሙያ ይናገራል። ሰው የሚቀመጥበትንና የሚተኛበትን ዕቃ ራሱ የመሥራት ዕውቀት በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ እንዴት እንደኖረ፣ ለምን እንደተዳከመ፣ ለልጆቻችንም እንዴት ልናወርሰው እንደምንችል እንመለከታለን። አብራችሁን ቆዩ።

(ድምፅ፦ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፤ የጅራፍ ድምፅ)

ተራኪ፦ የደጋ ልጅ የእንጨትን ጠባይ መጀመሪያ የሚማረው ከአባቱ እርሻ ነው። ማረሻውንና ወገሉን ቀጥቃጩ ከብረት ይሠራል፤ ሞፈሩን፣ እርፉን፣ ድግሩንና ቀንበሩን ግን ገበሬው በገዛ እጁ ይጠርባል። ለሞፈር ረጅምና ለጉተታ የማይበገር ግንድ ይመርጣል፤ ለቀንበር የበሬውን ጫንቃ የማይጎዳ ቀላል እንጨት፤ ለእጀታ እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ። መለኪያው ስንዝርና ክንድ ነው። ማረሻው አፈር ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ የሚወስነው ሞፈሩና እርፉ የሚገናኙበት ማዕዘን ስለሆነ፣ ያንን በዓይኑ ገምቶ፣ አርሶ ሞክሮ፣ መልሶ ያስተካክለዋል።

ይህን የሚያደርግ ሰው ወንበር መሥራት አያቅተውም። እንጨት በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። ጽድ ምስጥን እንደሚቋቋም፣ ዋንዛ ለመጥረብ ገር ሆኖ ለበርጩማ፣ ለገበቴና ለከበሮ እንደሚሆን፣ ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ከተሠራበት ሲደርቅ እንደሚጣመምና እንደሚሰነጠቅ ከአባቱ ሰምቷል፤ በዓይኑም አይቷል።

የሴቶቹ ሙያ ደግሞ በጭቃ ነው። ጎታ የምትሠራ እናት አፈር፣ ጭድና እበት ቀላቅላ፣ ጭቃው ለቀናት እስኪቦካ ትጠብቃለች። ከዚያ ከታች ጀምራ ዙር በዙር ትክባለች። አንዱ ዙር ሳይጠና ሌላ ቢጫንበት ግድግዳው ስለሚሰምጥ፣ ሥራው ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። መደቡም እንዲሁ ነው፤ ድንጋይ ተደርድሮ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ በእበት ተለቅልቆ፣ አጎዛ ወይም ቁርበት ይነጠፍበታል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ለሳንቃ የሚሆን ዛፍ እየጠፋ አስታና ጅብራ ይቀራሉ። አስታውም ቢሆን የዋልያ መጠለያ ነው። ስለዚህ ያለ አንድ ጣውላ የሚሠራው መደብ፣ እንጨት ለሌለው አገር በብልሃት የተገኘ የቤት ዕቃ ነው።

ጠፍር አልጋውስ? አራት እግርና አራት ወራጅ ይጠረባል፤ የወራጆቹ ጫፍ በእግሮቹ በተፈለፈለው ጉድጓድ ይገባል። ከዚያ የበሬ ቆዳ እርጥብ እያለ ዙሪያውን እየተሸነሸነ ረጅም ጠፍር ይወጣዋል። ጠፍሩ ሳይደርቅ በወራጆቹ ላይ በቁመትና በአግድም ይጠላለፋል። ቆዳ ሲደርቅ ስለሚኮማተር አልጋውን ጠርንፎ ይይዘዋል፤ አንድም ምስማር አላስፈለገውም። ሠሪው የእንጨቱንም የቆዳውንም ባሕርይ አውቆ አንዱን በሌላው አጠናክሯል።

(ሙዚቃ፦ የማሲንቆ ድምፅ፤ አጭር)

ተራኪ፦ ወደ ከተማዋ እንመለስ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻቸው ሲያደርጉ፣ ከተማዋ የባለሙያ መሰብሰቢያ ሆነች። የግንቡ ግድግዳ በድንጋይና በኖራ ቢሠራም፣ ወለሉ፣ በሩና መስኮቱ የአናጺ እጅ ይፈልጉ ነበር። ከእነዚህ ባለሙያዎች መካከል ግንበኛነቱን፣ አናጺነቱንና ቀጥቃጭነቱን ይዘው የቆዩት ቤተ እስራኤላውያን ይገኙባቸዋል። ከከተማዋ በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ የእነሱ መንደር ነበረች። አብዛኞቹ በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ቢሄዱም፣ በወለቃ የሸክላ ሥራ ዛሬም አልተቋረጠም።

ግን አንድ የሚያሳዝን እውነት አለ። ግንቡን የሠራው እጅ ክብር አላገኘም። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ማረሻቸው ባያርስ፣ ድስታቸው ባይጣድ የማንም ቤት የማይሞቅ ሰዎች፣ «ቡዳ» እየተባሉ ተገለሉ። ልጅ የአባቱን ሙያ እንዲደብቅ፣ እናት ልጇን ከሙያ እንድታርቅ ያደረገው ይህ ንቀት ነው። ዕውቀቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይሻሻል በጠባብ ክብ ውስጥ ተዘግቶ የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን የተረዱ መሪዎች ነበሩ። የቋራው ልጅ አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው፣ ኢትዮጵያውያን አብረው እየሠሩ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ አስቀልጠዋል። መድፉ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ንቀቱ ግን ከቋንቋችን ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ትምህርት ያልሆነለት ልጅ ብቻ ወደ ሙያ ይሂድ የሚለው አነጋገር የዚያው ንቀት ርዝራዥ ነው።

(ድምፅ፦ የቆሎ ተማሪዎች ሲያጠኑ)

ተራኪ፦ ጎንደር ግን መማርንና መሥራትን ያልነጣጠለ ትምህርት ቤትም ታውቃለች። የአብነት ተማሪ የሚያድርበትን ጎጆ ራሱ ይቀልሳል። መጻፍ የሚማረው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ ብራና አድርጎ ነው። ቀለሙን ይበጠብጣል፣ የሸምበቆ ብዕሩን ይቀርጻል፣ ጥራዙን ይሰፋል፣ ለመጽሐፉ ክዳን የሚሆነውን ገበታ ከእንጨት ይጠርባል። መጽሐፉ የሚዘረጋበት አትሮንስ የእንጨት ሥራ ነው። ቅኔ የሚቀኝ ሰው መሮ መያዙ ያሳፍረዋል ብሎ ያሰበ የለም። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ የመላእክቱን ፊት የሳለው ሠዓሊና እንጨቱን ያዘጋጀው አናጺ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይሆን ይረዳል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ይህ ቤተ ክርስቲያን ነው።

(ድምፅ፦ የኤሌክትሪክ መጋዝ፤ የከተማ ጎዳና)

ተራኪ፦ ዛሬ በጎንደር በየሰፈሩ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ሶፋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ቡፌው በር ላይ ተደርድሮ ይታያል። ባለሙያዎቹ ታታሪ ናቸው። የእኛ ጭንቀት ከገዢው በኩል ነው። ጎጆ የሚወጡ ወጣቶች የብዙ ወር ደመወዛቸውን ለቤት ዕቃ ያወጣሉ። ከተገዛው ብዙው ቺፑድ ነው፤ ቺፑድ ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ማጠፊያው ሲነቀል ምስማሩ ዳግመኛ አይይዝም። የገዛው ሰው ደግሞ ሲሰበር መጠገን አልተማረምና አውጥቶ ይጥለዋል።

ትምህርት ቤቶቻችን በዚህ ረገድ ወጣ ገባ መንገድ ሄደዋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንጨትና የብረት ሥራ፣ የቤት አያያዝም ያስተምሩ ነበር። በኋላ ሙያ ከመደበኛው ትምህርት ተለይቶ ወደ ቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሄደ። በቅርቡ በተጀመረው ሥርዓተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተመልሷል። ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን መሮና መጋዝ ሳይጨብጡ ሙያ አይለመድም፤ መጽሐፉ ብቻውን አያስተምረውም።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? ፊንላንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866፣ በኡኖ ሲግኔዩስ አነሳሽነት፣ የእጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ የግድ የሚሰጥ ትምህርት አደረገች። ዓላማው ሁሉንም ልጅ አናጺ ማድረግ አልነበረም፤ እጅና አእምሮ አብረው እንዲያድጉ ነው። ጣሊያናዊው ንድፍ አውጪ ኤንዞ ማሪ ደግሞ በ1974፣ በዚያው አቆጣጠር፣ ጣውላ፣ መዶሻና ምስማር ብቻ የሚጠይቁ የጠረጴዛ፣ የወንበርና የአልጋ ንድፎችን አዘጋጅቶ የፖስታ ዋጋ ለላከለት ሁሉ በነጻ አደለ። አንድ ወንበር በእጁ የሠራ ሰው፣ ከዚያ በኋላ የሚሸጥለትን ወንበር በሚያመዛዝን ዓይን ያያል ብሎ ያምን ነበር።

(ድምፅ፦ መሮና መዶሻ)

ተራኪ፦ አድማጮቻችን፣ አሁን አንድ በርጩማ እንሥራ። ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ ያዙ።

መጀመሪያ እንጨቱ። ለመቀመጫው ዋንዛ ቢገኝ መልካም ነው፤ ካልተገኘ በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይበቃል። ጣውላ በጥላ ሥር፣ ነፋስ እንዲገባው በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየተጋደመ ይደረደራል። በልማድ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይሰጠዋል። ጫፎቹ ቀለም ወይም ሰም ቢቀቡ መሰንጠቁ ይቀንሳል፤ እንጨት ከሁሉ ፈጥኖ የሚደርቀው በጫፉ ነውና።

መቀመጫው 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። እግሮቹ ሦስት ይሁኑ። አያቶቻችን ሦስት ያደረጉት በምክንያት ነው፤ የጭቃ ወለል እኩል ስለማይሆን አራት እግር ያነክሳል፣ ሦስት እግር ግን የትም ቢቀመጥ አይንቀሳቀስም።

የእግሮቹን ቦታ ለማግኘት መሐሉ ላይ ምስማር መትታችሁ፣ በሲባጎ ክብ አስምሩ። የሲባጎውን ርዝመት ሳትቀይሩ በክቡ ጠርዝ ላይ እየተራመዳችሁ ምልክት አድርጉ፤ ስድስት ነጥብ ይወጣል። አንዱን እየዘለላችሁ ሦስቱን ውሰዱ፤ እኩል ተራርቀዋል። ልጅ የክብንና የማዕዘንን ሒሳብ በዚህ መንገድ ከተማረው አይረሳውም።

በሦስቱ ነጥቦች ላይ፣ እግሮቹ ወደ ውጭ ትንሽ እንዲያጋድሉ አድርጋችሁ ብሱ። የእግሩን ራስ ለጉድጓዱ ልክ አድርጋችሁ ጥረቡ፤ ጫፉን በመጋዝ ሰንጥቁት። እግሩ ከመቀመጫው የበለጠ የደረቀ ቢሆን ይመረጣል፤ መቀመጫው ሲደርቅ ጉድጓዱ እየጠበበ እግሩን አጥብቆ ይይዘዋል። እግሩን አስገብታችሁ በስንጥቁ ሽብልቅ ምቱበት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሽብልቁ የመቀመጫውን የእንጨት ጅማት አቋርጦ መግባት አለበት። በጅማቱ አቅጣጫ ከገባ መቀመጫውን ለሁለት ይከፍለዋል።

በመጨረሻ በሻካራ ወረቀት አለስልሳችሁ የተልባ ዘይት ቀቡት። ዘይቱ የተቀባበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። መሮ ስትይዙም ሌላው እጃችሁ ምንጊዜም ከስለቱ በስተኋላ ይሁን።

(ሙዚቃ፦ ዋሽንት፤ ለስለስ ብሎ ከትረካው ሥር ይቀጥላል)

ተራኪ፦ ይህ ሙያ የት ይጀመር ብትሉን፣ መልሳችን ትምህርት ቤት ነው። በገጠር ብዙ ልጆች ድንጋይና ግንድ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። በቅርብ ዓመታት በክልላችን የተካሄደው ጦርነትም ከብዙ ክፍሎች ወንበሩንና ጠረጴዛውን አሳጥቷል። ታዲያ 40 ተማሪ ያለው አንድ የ8ኛ ክፍል፣ አራት አራት ሆኖ ቢደራጅ፣ በዓመት እያንዳንዱ ቡድን አንድ በርጩማ ቢሠራ፣ ለታናናሾቹ አሥር መቀመጫ ያወርሳል። እንጨት በሌለበት ደጋ ደግሞ እናቶች መደብ አሠራርን ለልጆቹ ያሳዩ፤ ወንዶቹም ሴቶቹም ጭቃውን አብረው ይርገጡ።

መምህራን፣ የጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አሠልጣኞች፣ ሞፈር የሚጠርቡ አባቶችና ጎታ የሚሠሩ እናቶች ወደ ክፍሉ ይጋበዙ፤ እንደ መምህር ይከበሩ። ለሥራው የሚቆረጠውን የሚተካ ዋንዛና ወይራ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይተከል። ወላጆችም «ልጄ አናጺ ሊሆን ነው?» ብላችሁ አትስጉ። ሐኪምም ይሁን መሐንዲስ፣ የሚቀመጥበትን ሠርቶ የሚያውቅ ልጅ ሌላው ለሠራለት ነገር ምን ያህል ድካም እንደተከፈለ ያውቃል፤ የሠራተኛን እጅም አይንቅም። ይህን ክብር ለማየት ሌላ መቶ ዓመት መጠበቅ የለብንም፤ በመጪው መስከረም ከየክፍሉ በአንድ መጋዝ፣ በአንድ መሮና በአንድ መዶሻ መጀመር እንችላለን።