ርቀት በስንቅ ሲለካ

ስለ ተማሪና ስለ መንገድ ሲነሣ አዲስ አበቤው ቶሎ የሚያስበው ባቡሩን ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የተዘረጋው ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ታሪፉ እንደ ርቀቱ ሁለት፣ አራትና ስድስት ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚንቀሳቀሱት ባቡሮች ቁጥር አንሶ፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ መጋፋቱ የታወቀ ነው። ቢሆንም በዚያ ግፊያ መካከል የቆመው ተማሪ ቁርሱን እቤቱ በልቶ ወጥቷል፤ ራቱንም እዚያው ይበላል። ችግሩ የሰዓት ነው። ቀደም ብሎ ቢነሣ ወይም አንድ ተጨማሪ ባቡር ቢመደብለት ይቃለልለታል።

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ የተማሪ መንገድ ሌላ ሒሳብ አለው። እዚያ ባቡር የለም። በወረቀት ላይ ግን ነበር። በአንደኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የተነደፈው አገር አቀፍ የባቡር መረብ ከባሕር ዳር በወረታ አድርጎ ወልድያ የሚደርስ መስመር ይዞ ነበር። ወረታንና ወልድያን የሚያገናኘው ደግሞ የጋይንት ደጋ ነው፤ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት መንገድ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል የሚያልፈው በዚሁ ጀርባ ላይ ነው። ያ የባቡር መስመር ከወረቀት አልወረደም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለውና ሥራው የተጀመረው ሌላው መስመር እንኳ መደበኛ አገልግሎት ሳይሰጥ ዓመታት አልፈውታል።

ለክርክር ያህል ሀዲዱ ተዘርግቷል እንበል። ባቡር ዳገት አይወድም። በመቶ ሜትር ጉዞ ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ እንዲል ከተጠየቀ ያቃስታል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዋሻ ይቆፈርለታል ወይም ተራራውን እንዲዞር ይደረጋል። ስለዚህ መስመሩ የደጋውን ጀርባ ተከትሎ ነፋስ መውጫ ላይ ቆሞ ያልፋል። የአካባቢው ሕዝብ አሰፋፈር ግን ከላይ ወደ ታች ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ ዓባይና እስከ በሽሎ ሸለቆ ድረስ፣ በየአፋፉና በየሸንተረሩ ተበትኖ ይኖራል። ከበሽሎ አፋፍ ለሚመጣ የስማዳ ልጅ ነፋስ መውጫ ላይ ባቡር ቆመ አልቆመ ለውጥ የለውም። በጃፓን ገጠር ብዙ ትንንሽ መስመሮች ዋና ተሳፋሪዎቻቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ በቅናሽ የወር ትኬት ይመላለሳሉ። ይህ የሆነው ግን መንደሮቹም ትምህርት ቤቶቹም በአንድ ሸለቆ ውስጥ፣ በሀዲዱ ግራና ቀኝ ስለተደረደሩ ነው። የጋይንትን መልክዐ ምድር ያየ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት ካርታ አያስፈልገውም።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነገሩ ቀላል ነው፤ ቢያንስ በአንጻሩ። ትምህርት ቤቱ በቀበሌው ወይም በጎረቤት ቀበሌ ስለሚገኝ ልጁ በየቀኑ በእግሩ ይመላለሳል። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ነው ሁሉም የሚለወጠው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው ያለው በወረዳ ከተሞችና በጥቂት ሌሎች ትንንሽ ከተሞች ነው፤ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስ። ቤቱ ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ የሚርቅ ልጅ እየማለደ ይመላለሳል። ሦስትና አራት ሰዓት የሚርቀው ግን ከመንደሩ ልጆች ጋር ሁለት ሦስት ሆኖ ክፍል ይከራያል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ወደ ቤተሰቡ ይወርዳል፤ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይወጣል። ዕድል ካጋጠመው ከፊሉን መንገድ በአይሱዙ ጭነት ላይ ይሄዳል። ካልሆነ ስንቁ ለገበያ በሚወጣ ጎረቤት አህያ ላይ ይጫንለታል፤ እሱ ከኋላ ይከተላል።

ልብ ብሎ ላየው፣ በየሳምንቱ የሚመላለሰው ተማሪው ይምሰል እንጂ መንገዱን የሚያስጉዘው ምግቡ ነው። ልጁማ አንዴ ከተማ ከገባ ዓመቱን ሙሉ መቀመጥ ይችል ነበር። የሚያስመልሰው የእንጀራው ዕድሜ ነው። እሑድ የተጋገረ እንጀራ በነፋስ መውጫ ብርድ እስከ ሐሙስ ሊደርስ ይችላል፤ ወደ ቆላው ጠጋ ባሉት ከተሞች ግን ረቡዕ ላይ መሻገት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ነው። የተማሪው ሳምንት በዚህ መልክ ይከፈላል፦ ሰኞና ማክሰኞ የጥጋብ ቀናት፣ ሐሙስና ዓርብ የመቻል ቀናት። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ የሚሳሳው መንገድ ያደከማቸው ስላልደረሱ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት የሚሳሳው ደግሞ ስንቅ ያለቀባቸው ስለሄዱ። ከአምስት የትምህርት ቀናት አንዱ እንዲህ ከሁለት ጫፍ ይሸራረፋል።

ዱቄት ይዞ መጥቶ እዚያው መጋገር አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ግን ዱቄት ብቻውን አይበላም። ምጣድ፣ ማገዶ፣ ውኃና ጊዜ ይፈልጋል። አከራይ ጭስ አይወድም። ማገዶ በከተማ በገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ደግሞ ገበሬው ቤት ከእህል ይልቅ የሚቸግር ነገር ነው። ስለዚህ ተማሪው ሽሮውን የሚያሞቅበት ያህል ኩበትና ጭራሮ ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ሸክሙም ይጨምራል። ወንድምና እኅት አብረው ከተከራዩ ደግሞ ማጀቱ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በእሷ ላይ ነው፤ ሁለቱም እኩል መንገድ ሄደው፣ እኩል ተምረው ሲመለሱ እሱ ደብተር ይገልጣል፣ እሷ እሳት ትጭራለች። የሴት ልጅ መንገድ ሌላም ሥጋት አለው፤ ወላጅ በሸለቆ ውስጥ ብቻዋን ስለመሄዷ፣ በኪራይ ቤትም ቁልፍ ስለሌለው በር ያስባል። ሠርጉ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ቤት ውስጥ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ስለ ትምህርት መቅረት ሲጻፍ የማይነሣ አንድ የዘመን አቆጣጠር ነገር አለ። ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ነው። መስከረም ለጋይንት ገበሬ ጎተራው የሚራቆትበት ወር ነው፤ ያለፈው እህል አልቋል፣ አዲሱ ገና አልታጨደም። የደጋው ድንች ትንሽ ይደጉማል፤ ዋናው አዝመራ ግን የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እንግዲህ ቤተሰቡ ለልጁ ስንቅ፣ የቤት ኪራይ፣ ደብተርና ልብስ ሁሉን በአንድ ላይ የሚጠየቀው ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራውና ላይ ጋይንትንና ስማዳን የመሳሰሉ ወረዳዎችን ያቀፈው ሴፍቲኔት እዚህ ላይ ብዙም አይደርስም፤ የእህሉና የገንዘቡ ድጋፍ በአብዛኛው የሚሰጠው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ስድስት ወራት ነውና። ተማሪው በመንገዱ የሚሻገራቸው ወንዞችም ነገር አለ፤ በመስከረም ገና ሙሉ ናቸው። ሕዝቡ በድርቅና በእህል እጥረት የሚታወቅበት አካባቢ የትምህርቱን በር የሚከፍተው በዓመቱ እጅግ ከባድ በሆነው ወር መሆኑ ለእኔ ሊገባኝ ያልቻለ ነገር ነው፤ የአዲስ አበባው ካላንደር ለሁሉም ይበቃል የሚል ልማድ ካልሆነ በቀር።

ገበሬው ይህን ሁሉ ያሰላል። ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ አራት ዓመት ነው። አራት ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው እህል ከቤት ይወጣል፤ የአንድ ሰው ጉልበትም ከእርሻው ይጎድላል። መጨረሻው ላይ ያለው ፈተና ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የሚሰጥ ሆኗል፤ በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኩረጃን ማስቀረቱ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ሆኖም አባት ይህን ቁጥር በሬዲዮ ሲሰማ የሚያወዳድረው ከመተማና ከሑመራ የሰሊጥ አጨዳ ጋር ነው፤ እዚያ ልጁ ወራት ሠርቶ የሚቆጠር ብር ይዞ ይመለሳል። ልጁ ዐሥረኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ጥሎ ሲሄድ «ሰነፈ» የሚሉት አሉ። ሒሳቡን ለሠራው ግን ስንፍና አይደለም።

ጋይንት ከዚህ የተለየ የተማሪ መንገድም ያውቃል፤ ያውም በጣም የቆየ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት መንገድ። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎ ተማሪው ወደዚህ ይመጣ ነበር፤ ዛሬም ይመጣል። ከዚያ ሁሉ አገር የሚመጣው ልጅ ስንቅ ለማምጣት በየሳምንቱ አይመለስም፤ ለዓመታትም ላይመለስ ይችላል። ጎጆውን ቀልሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ በአካባቢው መንደር ለምኖ ይበላል። ውሻው፣ ረኀቡና በሽታው ቀላል ስላልሆነ ይህን ኑሮ ላሞግሰው አልፈልግም። ማየት የሚገባው አሠራሩ ነው። የተማሪው ምግብ ትምህርቱ ካለበት ቦታ ይገኝ ነበር፤ ወጪውም በአንድ ቤተሰብ ጫንቃ ላይ ሳይሆን በብዙ መንደር ላይ ይከፋፈል ነበር። ለዚህ ነው የሸዋ ልጅ ጋይንት ድረስ መጥቶ ድጓ መማር የቻለው። የበሽሎ አፋፍ ልጅ ግን ከግማሽ ቀን መንገድ በማይርቅ ከተማ ዘጠነኛ ክፍልን መጨረስ ያቅተዋል።

መንግሥትም ይህን አሠራር ያውቃል፤ ግን ዘግይቶ ነው የሚሠራበት። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ደብረ ታቦርም ይመደብ ጅማ ወይም አርባ ምንጭ፣ አልጋና ምግብ ያገኛል፤ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በወጪ መጋራት ተመርቆ ሲሠራ ይከፍላል። በታችኛው ጫፍ ደግሞ የትምህርት ቤት ምገባ ባለባቸው ቦታዎች ቅድመ አንደኛና አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ይመገባሉ። በመካከል ያሉት አራት ዓመታት፣ ልጁ ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ዓመቱ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቱ የሚወጣባቸው፣ የማንም አይደሉም። እናቱ ቤት የሚያድረው በመንግሥት ሲመገብ፣ ከእናቱ ቤት የወጣው በራሱ ስንቅ እንዲኖር ተተወ።

አዲስ ሁለተኛ ደረጃ በየቀበሌው ይከፈት የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው፤ በተወሰነ ደረጃም ሲመለስ ቆይቷል። የፊዚክስና የሒሳብ መምህር፣ ቤተ ሙከራና መጽሐፍ ግን ከሕንጻው ጋር አብረው አይመጡም፤ ርቀቱን ያጠበበው ትምህርት ቤት ትምህርቱን ሊያሳሳው ይችላል። በእኔ ግምት ቅድሚያ የሚገባው በነባሮቹ አጠገብ የጋራ ማዕድ ቤትና፣ በተለይ ለሴቶች፣ ማደሪያ መሥራት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንጀራ በሳምንት ይበላሻል፤ እህል አይበላሽም። ቤተሰቡ ከአዝመራ በኋላ የልጁን ድርሻ በአህያ አንዴ ቢያደርስ፣ ወፍጮው፣ ምጣዱና ማገዶው የጋራ ቢሆን፣ የሳምንቱ መንገድ ይቀራል፤ ሰኞና ዓርብም ይመለሳሉ። ለመስከረምና ለጥቅምት ግን የቤተሰቡ እህል ስለማይደርስ ሌላ አካል መሸፈን አለበት። እህል ማን ይጠብቃል፣ ማን ያስተዳድራል የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው፤ የሚሰርቅም የሚያዳላም አይጠፋም። ዕድርን፣ ሰንበቴንና ደቦን የሚያስተዳድር ሕዝብ ግን ይህን ለማስተዳደር አዲስ ዕውቀት አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ሰላምን ይጠይቃል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገድ ላይ መውጣት ራሱ አደጋ በሆነባቸው ቀናት የስንቅ ነገር የሚነሣም አይደለም። ቢሆንም ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ልጆቹ የሚመለሱበት መንገድ ያው የቀድሞው ነው።

ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ወጥታችሁ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር ወይም በውጭ አገር ያላችሁ ሁሉ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ገንዘብ የማዋጣት ልማድ አላችሁ፤ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ቀለም፣ አጥርና ኮምፒዩተር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ርእሰ መምህሩን ከመጠየቃችሁ በፊት በኪራይ ቤት ያሉትን ዘጠነኛ ክፍሎች ሐሙስ ማታ ምን እንደበሉ ጠይቋቸው፤ መዋጮውም በመልሳቸው ይወሰን።