ስለ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ብሎኖችና ስለ ጥርሳቸው ልክ

ባለፈው ክረምት ሦስት ተማሪዎች ሆነን ቄራ አጠገብ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ እየተመላለስን፥ በእንግሊዝ አገር የተሠራ ባለ አንድ ሲሊንደር አሮጌ ሞተር ብስክሌት ተፈትቶ እንደገና ሲገጠም እናግዝ ነበር። ባለቤቱ ከአባታቸው የወረሱት ስለ ሆነ ሞተሩ ሲነሣ መስማት ነው የሚፈልጉት እንጂ የሚሸጡት ንብረት አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንዲት ትንሽ ብሎን ሥራውን ሁሉ ልታበላሸው ምንም አልቀራትም። ከአሉሚኒየም በተሠራው የሞተሩ ቤት ላይ የጎኑን ሽፋን ስንገጥም አንድ ብሎን ጎደለን፤ ከጣሳው ውስጥ የምትመስለውን አንሥተን ብናስገባት በጣት ብቻ እየተሽከረከረች እስከ አንገቷ ገባች። ደስ አለን። በመፍቻ ስናጠብቃት ግማሽ ዙር ያህል ከበደችና ወዲያው ለዘበች፤ ስናወጣትም የቀዳዳው ጥርስ እንደ ብር ክር ተጠምዞ አብሯት ወጣ። ሽማግሌው መካኒክ አልተቈጡንም፤ «በጣት ስለ ገባች ነው? ልጆች፥ ጥርሷን ቈጥራችኋል?» ብለው ብቻ ጠየቁን። አልቈጠርንም ነበር። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን ይኸው ነው።

ብሎን ማለት በዘንግ ላይ የተጠመጠመ ተዳፋት ነው። ስለዚህ ሁለት ብሎኖች አንድ ናቸው ለማለት ውፍረታቸው ብቻ ሳይሆን የጥርሳቸው መቀራረብና የጥርሱ ማዕዘን አንድ መሆን አለበት። ችግሩ እነዚህን ልኮች ልዩ ልዩ አገሮች በልዩ ልዩ ጊዜ መወሰናቸው ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ እንዲሆን፥ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚገኘውም የጥርስ ቍጥር ለየውፍረቱ እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ በ1864 60 ዲግሪን መረጠ። በ1898 ዙሪክ ላይ የተሰበሰቡት ደግሞ 60 ዲግሪውን ተቀብለው መለኪያውን ሚሊሜትር አደረጉት። እንግሊዞችም በበኩላቸው ቢ.ኤስ.ኤፍ. የሚባለውን ደቃቅ ጥርስ ጨመሩ፤ የብስክሌት መሐንዲሶቻቸው ደግሞ ባለ 60 ዲግሪ የሆነ የራሳቸውን ልክ አወጡ። ሞተር ብስክሌት ከብስክሌት ፋብሪካ የተወለደ ስለ ሆነ ይህ የብስክሌት ጥርስ ወደ ሞተሩም ገባ። አሜሪካ፥ እንግሊዝና ካናዳ በ1948 በአንድ የጋራ ልክ ቢስማሙም ብዙዎቹ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ሠሪዎች እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ የቀድሞውን አልተዉም።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ጣሳ ውስጥ ተገናኘ። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ጊዜ የገባው የኢጣልያ መኪና በሚሊሜትር የተሠራ ነበር። በ1941 የመጣው የእንግሊዝ ሠራዊት ይጠቀምበት የነበረው፥ ለምሳሌ ባለ 496 ሲሲው ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20፥ በኢንች የተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የጃፓንና የህንድ ሞተሮች እንደገና በሚሊሜትር ናቸው። ቃላችን ግን ኢጣልያንኛ ሆኖ ቀረ። ዳዶ፥ ሮንዴላ፥ ቴስታታ፥ ጓርኒሲዮን እንላለን፤ በስሙ ኢጣልያዊ የሆነው ዳዶ በጥርሱ እንግሊዛዊ ሆኖ ይገኛል።

ወደ ስሕተታችን እንመለስ። ቀዳዳው ሩብ ኢንች፥ ማለት 6.35 ሚሊሜትር ሲሆን በኢንች 26 ጥርስ ነበረው። ያስገባናት ብሎን 6 ሚሊሜትር ወፍራ ጥርሷ በየ1 ሚሊሜትሩ የተቀረጸ ነበረች፤ ይህም በኢንች ሲመነዘር 25.4 ነው። የጥርሱ መቀራረብ እጅግ ስለሚመሳሰል ያለ ትግል ገባች፤ የውፍረቱ ልዩነት ግን 0.35 ሚሊሜትር ስለ ሆነ የተያያዘው የጥርሱ ጫፍ ጫፍ ብቻ ነው። ለስላሳው አሉሚኒየም ይህን ሊሸከም አልቻለም። እንግዲህ አላስገባ ብሎ የሚታገል ብሎን ቢያንስ ያስጠነቅቃል፤ የሚያታልለው ያለ ችግር የሚገባው ነው።

5/16 ኢንች የባሰ ነው። ውፍረቱ 7.94 ሚሊሜትር ስለ ሆነ በዓይን ከ8 ሚሊሜትር አይለይም፤ ነገር ግን በዊትወርዝ 18፥ በቢ.ኤስ.ኤፍ. 22፥ በአሜሪካው ደቃቅ 24፥ በብስክሌቱ 26 ጥርስ አለው። የተለመደው ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን በኢንች 20.3 ያህል ነውና ጥቂት ዙር ሄዶ ይነክሳል፤ በጕልበት የገፋው ሰው ቀዳዳውን አጠፋው ማለት ነው። መቍጠርም ብቻውን አይበቃም። ሩብ ኢንች በቢ.ኤስ.ኤፍም በብስክሌቱም 26 ጥርስ ስላለው የሚለያየው ማዕዘኑ ብቻ ነው።

የጥርስ መለኪያ በእጃችን ስላልነበረ መካኒኩ ያሳዩን ዘዴ ይህ ነው። ብሎኑን በናፍጣ አጥቦ ውፍረቱን በካሊፐር መለካት፤ ጥርሱን በወረቀት ላይ ተጭኖ በአንድ ኢንች ውስጥ የታተሙትን መስመሮች መቍጠር፤ ከዚያ ልኩ ከታወቀ ብሎን ጋር ጥርስ ለጥርስ አስነክሶ ወደ ብርሃን ማየት። በመካከላቸው ብርሃን ካለፈ አንድ አይደሉም። ለቀዳዳ ደግሞ ለስላሳ እንጨት አሹሎ ቀስ ብሎ ማሽከርከር ነው፤ እንጨቱ የጥርሱን አሻራ ይዞ ይወጣል። እኛ ይህን ካየን በኋላ በትምህርት ቤት ስለ ልኬት የተማርነው ሁሉ ትንሽ አሳፈረን።

ሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው ዘንግ ሲገኝ አንዱን ጫፍ ብቻ ለክቶ መተው አይገባም። ብዙ ጊዜ ወደ አሉሚኒየሙ የሚገባው ጫፍ ሰፊ የዊትወርዝ ጥርስ፥ ዳዶው የሚጠብቅበት ደግሞ ደቃቅ ጥርስ አለው፤ ለስላሳ ብረት ወፍራም ጥርስን ይሻላልና። ርዝመቱም በክብሪት እንጨት የቀዳዳውን ጥልቀት ለክቶ የሚታወቅ ነው፤ የረዘመ ብሎን መጨረሻውን ነክቶ የጠበቀ ይመስላል እንጂ ሽፋኑን አይዝም።

መፍቻውን በተመለከተ የዊትወርዝ መፍቻ ላይ የተጻፈው ቍጥር የብሎኑ ውፍረት እንጂ የራሱ ስፋት አይደለም። 5/16 የተጻፈበት ስፋቱ 15.24 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ 15 ቍጥር አይገባም፥ 16 ቍጥር ደግሞ ማዕዘኑን ይበላዋል። ስለ ብረቱ ጥንካሬ፥ በሚሊሜትር ብሎን ራስ ላይ 8.8 የሚለው ምልክት ብረቱ ከመበጠሱ በፊት 800 ሜጋፓስካል እንደሚችልና ከዚያም በ80 በመቶው ላይ ተስቦ መቅረት እንደሚጀምር ያመለክታል። ስለሚያብረቀርቅ ብቻ የማይዝግ ብረት የሚመርጡ አሉ፤ ነገር ግን ተራው የማይዝግ ብሎን ከ8.8 ያነሰ ጥንካሬ አለው፥ እርጥበት ሲያገኝም በዙሪያው ያለውን አሉሚኒየም ያስበላል።

የተበላሸው ቀዳዳ ተበስቶ ሰፋ፤ ቶርኖ ቤት ከውጭ ወፍራም፥ ከውስጥ ሩብ ኢንች ባለ 26 ጥርስ የሆነ ቀለበት ተቀርጾለት ገባበት። ብሎኗን ከምናለሽ ተራ ካመጣነው ድብልቅ ብሎን ውስጥ ሁለት ቀን ፈልገን አገኘናት፤ በዚህ ጊዜ በወረቀትም፥ በእንጨትም፥ በብርሃንም ፈተንናት። ሞተሩ ሲነሣ ባለቤቱ ጎንበስ ብለው የሽፋኑን ዙሪያ በነጭ መሐረብ ጠረጉ፤ ዘይት አልነበረበትም።