«ለክቡር አገረ ገዥው»፦ በሦስተኛው የሴሚኖል ጦርነት የፍሎሪዳ ነዋሪዎች ደብዳቤዎች እንደ ታሪክ ምንጭ

መግቢያ

በጦርነት ታሪክ ጥናት ቀዳሚውን ስፍራ ይዘው የኖሩት የአዛዦች ሪፖርቶች፣ የስምምነት ውሎችና የመንግሥት አዋጆች ናቸው። ከእነዚህ ጎን ግን ነዋሪው ለሹሙ የጻፈው ደብዳቤ አለ። ይህ ደብዳቤ ፍርሃትን ይናገራል፤ እርዳታን ይጠይቃል፤ ኪሣራን ይቆጥራል፤ ጥቅምንም ያስጠብቃል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት በተካሄደው ሦስተኛው የሴሚኖል ጦርነት (1855–1858) ነዋሪዎች ለአገረ ገዥው የላኳቸው ደብዳቤዎች ምን ዓይነት ምንጭ እንደሆኑና እንዴት ሊነበቡ እንደሚገባ ማብራራት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስያሜ አንድ ነገር ማስቀደም ያስፈልጋል። በአማርኛ «አቤቱታ» የሚለው ቃል «አቤት» ከሚለው ጥሪ ጋር የተዛመደ ሲሆን፣ የተበደለ ሰው ሹሙ ሰምቶ እንዲፈርድለት የሚያቀርበውን ጩኸት ያመለክታል። ከምንመለከታቸው ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በዚህ ስም ቢጠሩ ያስኬዳል። ሆኖም ከመካከላቸው የአገልግሎት ማመልከቻ፣ የዕዳ ጥያቄና በሌላ ሰው ላይ የቀረበ ክስ ስለሚገኝ፣ «ደብዳቤ» የሚለውን ሰፊ ስም ለጠቅላላው፣ «አቤቱታ» የሚለውን ደግሞ ብዙ ሰዎች በጋራ ፈርመው ላቀረቡት ልመና ብቻ እንጠቀማለን።

የጦርነቱ ዳራ

ሁለተኛው የሴሚኖል ጦርነት በ1842 ሲያበቃ አብዛኛው የሴሚኖል ሕዝብ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ ወደሚገኘው ምድር በግዳጅ ተወስዶ ነበር። በፍሎሪዳ የቀሩት ጥቂቶች በደቡብ ምዕራቡ ረግረጋማ አገር ለጊዜው እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው። በ1847 የፌዴራሉ ጦር መኮንን ካፒቴን ጆን ስፕራግ የቀሩትን በጠቅላላው 360 ያህል ሰዎች አድርጎ ገመታቸው፤ ከእነዚህም ተዋጊ ሊሆኑ የሚችሉት 120 ነበሩ። በ1850 በተካሄደው ቆጠራ የፍሎሪዳ ሕዝብ 87,445 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 39,310 የሚሆነው በባርነት የተያዘ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ደብዳቤዎቹን ስናነብ ከዓይናችን ሊርቁ አይገባም፤ ምክንያቱም በደብዳቤ የተገለጸው የስጋት መጠንና በቆጠራ የታየው የኃይል ሚዛን ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም።

በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ሰላም በ1849 ክፉኛ ተፈተነ። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር ጥቂት የሴሚኖል ወጣቶች በኢንዲያን ወንዝ ሰፈራና በፒስ ወንዝ በነበረ የንግድ መደብር ላይ አደጋ ጣሉ። ነዋሪዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ፤ ግዛቲቱም ፈረሰኛ በጎ ፈቃደኞችን ጠራች። የሴሚኖል መሪ ሆላታ ሚኮ፣ በነጮቹ አጠራር ቢሊ ቦውሌግስ፣ ድርጊቱ የሕዝቡ ውሳኔ አለመሆኑን ለማሳየት ከአምስቱ ተፈላጊዎች ሦስቱን አሳልፎ ሰጠ፤ ሊያመልጥ ሲል የተገደለውን የአራተኛውንም የተቆረጠ እጅ አስረከበ። ጦርነት በዚያ ጊዜ ቀረ፤ ጥያቄው ግን አልቀረም።

በጥያቄው ሥር የመሬት ጉዳይ ነበር። በ1850 የወጣው የረግረግ መሬት ሕግ በውሃ የሚጥለቀለቁ የፌዴራል መሬቶችን ለግዛቶች እንዲተላለፉ ፈቀደ። ፍሎሪዳም በ1855 መጀመሪያ እነዚህን መሬቶች ሸጦ የባቡር ሐዲድና ቦይ ለማሠራት የሚያስችል የልማት ፈንድ አቋቋመች። ሴሚኖሎች የሰፈሩበት ምድር እንዲቀየስና እንዲሸጥ የሚሹ ወገኖች በረቱ። የፌዴራሉ የቅየሳ ቡድኖችና የጦር ቅኝቶችም ወደ ውስጥ እየዘለቁ ሄዱ። በታኅሣሥ 20 ቀን 1855 ንጋት ላይ፣ በቢግ ሳይፕረስ ረግረግ የሰፈረውን የሌተና ጆርጅ ሃርትሰፍን አነስተኛ የቅኝት ቡድን የቢሊ ቦውሌግስ ሰዎች አጠቁ። ሦስተኛው ጦርነት በዚህ ተጀመረ።

ደብዳቤው ለምን ወደ ታላሃሲ ሄደ?

በቅርብ የነበረው ኃይል በታምፓ የሚገኘው የፎርት ብሩክ የፌዴራል ጦር ሆኖ ሳለ ነዋሪው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ዋና ከተማ ወደ ታላሃሲ ለምን ጻፈ? መልሱ ከሥልጣን ክፍፍሉ ይገኛል። የፌዴራሉ ጦር የሚታዘዘው ከዋሽንግተን ስለሆነ የአካባቢው ነዋሪ ልመና በቀጥታ አያንቀሳቅሰውም። አገረ ገዥው ግን የግዛቲቱ ሚሊሽያ የበላይ አዛዥ ነው፤ ኩባንያ የሚባለውን የጦር ክፍል እንዲመሠረት ይፈቅዳል፤ መሣሪያ ያድላል፤ በነዋሪው ድምፅ የተመረጠ ስለሆነም ለነዋሪው ጩኸት ጆሮውን መንፈግ ይከብደዋል። በዚህ ላይ ለመንግሥት አቤት የማለት መብት በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ የተረጋገጠ ነበር።

በወቅቱ አገረ ገዥ የነበረው ጀምስ ብሩም (1853–1857) በበኩሉ ሁለት እጆቹ የታሰሩ ሰው ነበር። የግዛቲቱ ካዝና ባዶ ሊባል የተቃረበ በመሆኑ፣ የሚጠራቸውን በጎ ፈቃደኞች የፌዴራሉ መንግሥት በደመወዝ እንዲቀበላቸው ይፈልጋል። የጦር ሚኒስትሩ ጄፈርሰን ዴቪስ ሁለት የእግረኛና ሦስት የፈረሰኛ ኩባንያዎችን፣ በድምሩ ወደ 260 ሰዎች፣ ተቀበለ። ብሩም ወደ 400 የሚደርሱ ሌሎችን በግዛቲቱ ሥር አቆየ፤ ለእነዚህም ስንቅና መሣሪያ በከፊል የተሟላው በግለሰቦች መዋጮ ነበር። ስለዚህ ከደቡብ የሚመጣ እያንዳንዱ የስጋት ደብዳቤ በብሩም እጅ ሁለት ነገር ይሆናል፦ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄና ለዋሽንግተን የሚቀርብ ማስረጃ። የደብዳቤዎቹ ዋና ታሪካዊ ኃይልም ከዚህ ሁለተኛ ተግባራቸው ይመነጫል፤ አንድ ገበሬ ስለ ጓሮው የጻፈው ቃል በአገረ ገዥው በኩል አልፎ የግዛቲቱ ሙግት አካል ይሆናልና።

የደብዳቤዎቹ ዓይነትና ቅርጽ

እንዲህ ያሉትን ደብዳቤዎች በይዘታቸው በአራት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው የወሬ ደብዳቤ ነው፤ ኮቴ መታየቱን፣ ጭስ መነሳቱን፣ ከብት መጥፋቱን ያስታውቃል። ሁለተኛው የጋራ አቤቱታ ሲሆን የአንድ ሰፈር ሰዎች ተሰብስበው ጥበቃ እንዲላክላቸው ይጠይቁበታል። ሦስተኛው የአገልግሎት ማመልከቻ ነው፤ አንድ የተከበረ ነዋሪ ኩባንያ ላቋቁም፣ የካፒቴንነት ሹመት ይሰጠኝ ይላል። አራተኛው የሒሳብ ደብዳቤ ነው፤ ለወታደር የቀረበ በቆሎና ሥጋ እንዲከፈልበት፣ የጠፋ ንብረት እንዲካስ ወይም በሥራው የላላ መኮንን እንዲነሳ ይጠይቃል።

ቅርጹም የራሱ ሥርዓት አለው። ደብዳቤው አገረ ገዥውን በማዕረጉ ጠርቶ ይከፍታል፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነና ለምን ሊታመን እንደሚገባ ይገልጻል፤ ከዚያ ወሬውን፣ ቀጥሎም ጥያቄውን ያቀርባል፤ በመጨረሻ «ታዛዥ አገልጋይዎ» በሚል ዓይነት የትሕትና ቃል ይዘጋል። ይህ ቃል የዘመኑ ልማድ እንጂ የጸሐፊው እውነተኛ መታዘዝ ማረጋገጫ አይደለም። መጻፍ የማይችል ሰው በስሙ አጠገብ የመስቀል ምልክት ያኖራል። ወረቀቱ ታላሃሲ ሲደርስ ደግሞ የቢሮው ጸሐፊ አጥፎ በጀርባው የላኪውን ስም፣ ቀኑንና የጉዳዩን ጭብጥ በአንድ ሁለት መስመር ይጽፍበታል። ይህች የጀርባ ጽሑፍ ለተመራማሪ ከውስጡ ያልተናነሰ ዋጋ አላት፤ ነዋሪው ያለውንና ቢሮው የሰማውን ለማነጻጸር ታስችላለችና።

ፍርሃትና ጥቅም

ፍርሃቱ ሐሰት አልነበረም። በመጋቢት 31 ቀን 1856 በማናቲ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው የዶክተር ጆሴፍ ብሬደን የእርሻ ቤት ተጠቃ። በሰኔ 14 ቀን ደግሞ በፎርት ሚድ አቅራቢያ በአንድ ገበሬ ቤት ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ከሁለት ቀን በኋላም በፒስ ወንዝ ዳር በተደረገው ውጊያ የሴሚኖሉ የጦር መሪ ኦሲን ተስተነጊ ወደቀ። በተበታተኑ ጎጆዎች የሚኖሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ትተው በምሽግ ተጨናንቀው ተቀመጡ። የስልክም ሆነ የባቡር መስመር በሌለበት አገር፣ ከጎረቤት የመጣ ወሬ እስኪጣራ መቆየት ሕይወትን ሊያስከፍል ይችል ነበር።

ሆኖም ፍርሃትና ጥቅም በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ይቀመጣሉ። በድንበር አካባቢ ጥሬ ገንዘብ ብርቅ ነበር። የፈረሰኛ ኩባንያ መቋቋም ለሰውየውም ለፈረሱም ክፍያ፣ ለበቆሎና ለከብት ሻጩም ገበያ ማለት ነው። ብሩም የግዛቲቱን ወታደሮች እንዲመራ የሾመው ጄኔራል ጄሲ ካርተር ከሰዎቹ ግማሹን በእርሻ ሥራ ላይ ስላሰማራ ለቅኝት የሚወጡት ወደ 200 ብቻ ነበሩ። አንድ የታምፓ ጋዜጣም ፈረሰኞቹ ለፈረስ የሚመቸውን ገላጣ ሜዳ እንደሚመርጡ፣ በዚያ ሲሄዱ ግን ሴሚኖሎች ከሩቅ እንደሚያዩአቸው ጽፎ ነበር። እንግዲህ «ወታደር ይላክልን» የሚለው ጥያቄ በአንዳንድ ስፍራ «እኛው ወታደር እንሁን» የሚል ትርጉም እንደነበረው መዘንጋት አይገባም።

ይህ ማለት ግን ደብዳቤው ጥቅም ስላለበት ውሸት ነው ማለት አይደለም። ልጆቹን ምሽግ ያስገባ አባት ሰብሉ እንዳይበላሽበት መፍራቱ፣ ደመወዝም መፈለጉ በአንድ ልብ ውስጥ የሚኖሩ ነገሮች ናቸው። የተመራማሪው ተግባር አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል ሳይሆን፣ በየትኛው ደብዳቤ የትኛው እንደሚያመዝን መለየት ነው።

ያልተሰሙ ድምፆች

እነዚህ ደብዳቤዎች የአንድ ወገን መዝገብ ናቸው። ፈራሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የመምረጥ መብትና የሚሊሽያ ግዴታ ያላቸው ነጭ ወንዶች ናቸው። በባርነት የተያዙት ሰዎች ቢጠቀሱ እንደ ንብረት ነው። በብሬደን እርሻ በተፈጸመው አደጋ ሴሚኖሎቹ ሰባት ባሮችና ሦስት በቅሎዎች ይዘው ሄዱ፤ አሳዳጆቹም ደርሰውባቸው «መለሷቸው»። ድርጊቱ በሰነድ ሲዘገብ ሰውና በቅሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቆጠራሉ። ሰባቱ ሰዎች በግድ ተወስደው ይሁን ፈቅደው ሄደው፣ መመለሳቸውን ይወዱት ይጥሉት፣ የጠየቃቸው አልነበረም።

ሴሚኖሎችም ለአገረ ገዥው ደብዳቤ አልጻፉም። ቢሊ ቦውሌግስ በ1852 ወደ ዋሽንግተን ተወስዶ ፕሬዚዳንት ሚላርድ ፊልሞርን አግኝቷል፤ ነገር ግን ቃሉ የደረሰን በአስተርጓሚ አፍና በጸሐፊ ብዕር አልፎ ነው። በጥር 1853 የፍሎሪዳ ምክር ቤት ማንኛውም ተወላጅ በግዛቲቱ መኖሩን ሕገ ወጥ ያደረገ ሕግ ሲያወጣም፣ ሕጉ የሚነካቸው ሰዎች አቤት የሚሉበት በር አልነበራቸውም። አንዱ ወገን በጽሑፍ ሲናገር ሌላው በኮቴና በጭስ ብቻ ከታየ፣ መዝገቡ ገና ሳይነበብ ፍርድ ሰጥቷል ማለት ነው።

የአነባበብ ስልት

ከላይ ከተገለጸው በመነሳት ለእንዲህ ዓይነት ምንጭ አራት የአነባበብ ደረጃዎችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን ከተነገረው ድርጊት ቀንና ቢሮው ከተቀበለበት ቀን መለየት፤ አንዳንድ ስጋት ታላሃሲ ሲደርስ ያረጀ ነበርና። ሁለተኛ፣ የፈራሚዎችን ስም ከ1850ና ከ1860 የቆጠራ መዝገብ ጋር ማስተያየት፤ ስንት መሬት፣ ስንት ከብት፣ ስንት ባሪያ እንደነበራቸው ማወቅ የጥያቄያቸውን ክብደት ያሳያል። ሦስተኛ፣ ያንኑ ስም በበጎ ፈቃደኞች ስም ዝርዝር ውስጥ መፈለግ፤ ጠባቂ የለመነው ሰው በማግሥቱ ደመወዝተኛ ጠባቂ ሆኖ እንደሆነ በዚህ ይታወቃል። አራተኛ፣ ወሬውን ከፌዴራሉ የጦር ሰፈሮች ወርኃዊ ዘገባ ጋር ማጋጨት። መኮንኖቹም የራሳቸው አድልዎ ስላለባቸው ዳኛ ሳይሆኑ ሁለተኛ ምስክር ናቸው።

ማጠቃለያ

በግንቦት 1858 መጀመሪያ ቢሊ ቦውሌግስና ከመቶ የሚበልጡ ተከታዮቹ «ግሬይ ክላውድ» በተባለች መርከብ ከፍሎሪዳ ወጡ፤ በዚያው ወር ኮሎኔል ጉስታቨስ ሉሚስ ጦርነቱ ማብቃቱን አወጀ። በደብዳቤዎቹ ሲለመን የኖረው ፍጹም መባረር ግን አልተፈጸመም፤ መቶ ያህል ሰዎች በረግረጉ ውስጥ ቀሩ። ደብዳቤውም ሥራውን በዚያ አላቆመም። ግዛቲቱ ለበጎ ፈቃደኞች ያወጣችውን ገንዘብ ከፌዴራሉ መንግሥት ለማስመለስ ያነሳችው ጥያቄ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ድረስ ዘለቀ፤ የዘመኑ ወረቀቶችም የሙግቱ ማስረጃ ነበሩ።

በረግረጉ የቀሩት ሰዎች ዘሮች ደግሞ በተራቸው ብዕር ያዙ። በ1950 ስለ ተወሰደባቸው መሬት ለፌዴራሉ የተወላጆች የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽን አመለከቱ፤ በ1957 የፍሎሪዳ ሴሚኖል ነገድ በሕግ ታወቀ፤ በ1976 ለፍሎሪዳና ለኦክላሆማ ሴሚኖሎች የ16 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተፈረደ። የ1856ቱን ደብዳቤዎች የሚያጠና ተመራማሪ ይህን ዘግይቶ የመጣ አቤቱታ ከጎናቸው ቢያኖር፣ በመጀመሪያው መዝገብ የጎደለው ምን እንደነበር በግልጽ ያያል።