ነፋስ የቀየሰው ሜዳ

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሊንከንሻየር ውስጥ፣ ኢስት ከርክቢ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከመንደሯ አጠገብ ያለው የእርሻ መሬት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የከባድ ቦምብ ጣዮች መነሻ ነበር። ሥራ የጀመረው በኦገስት 1943 ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው)። መጀመሪያ 57ኛው ስኳድሮን የተባለው የአየር ኃይል ክፍል ገባ፤ በኖቬምበር ከእሱ ላይ ተከፍሎ 630ኛው ተቋቋመ። ሁለቱም ላንካስተር የተባለውን ቦምብ ጣይ ያበሩ ነበር፤ አራት ሞተር፣ ሰባት ሠራተኛ፣ ከጫፍ ጫፍ 31 ሜትር የሚሆን ክንፍ። ይህን ያህሉን የትኛውም መጽሐፍ ይነግራችኋል።

እኔን የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሁሉ ዛሬ እዚያ የሚታየውን ላንካስተር ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። የቆመበትን ኮንክሪት አጎንብሶ የሚያይ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

በጦርነቱ ጊዜ ከሰማይ የተነሡትን የእንዲህ ያሉ የአየር ሜዳዎችን ፎቶዎች ተመልከቱ። ሦስት ማኮብኮቢያዎች እርስ በርስ ተቆራርጠው የላቲኑን «ኤ» ፊደል ይሠራሉ። ለምን ሦስት? ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝ መልስ «ሦስት አውሮፕላን ባንድ ጊዜ እንዲነሣ» የሚል ነው። አንዱ ወዳጄማ ይህንኑ በልበ ሙሉነት ለልጆቹ ሲያስረዳ ሰምቼው እዚያው አቋርጬዋለሁ። እንዲያ ቢደረግ ማኮብኮቢያዎቹ በሚቋረጡበት ቦታ ቦምብ የተሸከሙ አውሮፕላኖች ይጋጩ ነበር። በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንዱ ማኮብኮቢያ ብቻ ነው። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ነፋሱ ነው።

አውድማ ላይ እህል ሲያዘራ ያደገ ሰው ይህ አይከብደውም፤ ነፋሱን አይቶ ነው መንሹን የሚያነሣው። አውሮፕላንን ከመሬት የሚያስለቅቀው የጎማው ፍጥነት ሳይሆን ክንፉን አልፎ የሚሄደው አየር ፍጥነት ነው። ነዳጅና ቦምብ ሞልቶ 30 ቶን የሚጠጋ ላንካስተር ለመነሣት በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ያስፈልገዋል እንበል። ከፊቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ ጎማው 140 ሲደርስ ክንፉ 170ውን አግኝቷል። ያው ነፋስ ከኋላ ከመጣ ደግሞ ጎማው 200 መድረስ አለበት፤ ከዚያ በፊት ኮንክሪቱ ሊያልቅ ይችላል።

የጎን ነፋስም የዋዛ አይደለም። ላንካስተር የጭራ ጎማ ያለው አውሮፕላን ነው፤ ሞተሮቹ ሙሉ ኃይል ሲሰጣቸው አፍንጫው በራሱ ወደ ግራ መሳብ ይወዳል። ነፋስ ከጎን ሲጨመርበት ከመስመር ሊወጣ፣ እግሩ ሊሰበርና በሆዱ ሊተኛ ይችላል። ሆዱ ውስጥ ያለው ደግሞ ቦምብ ነው።

መሐንዲሶቹ ያገኙት መላ እንዲህ ነው። አንድ ማኮብኮቢያ ከሁለቱም ጫፍ ስለሚያስነሣ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ ሦስቱ ስድስት ይሆናሉ። እርስ በርስ በ60 ዲግሪ ከተቀየሱ ስድስቱ አቅጣጫዎች ክቡን እኩል ይካፈሉታል። ነፋሱ ከየትም ይምጣ፣ ከአንዱ ማኮብኮቢያ ከ30 ዲግሪ በላይ ሊርቅ አይችልም። በመደበኛው ንድፍ ዋናው 1,830 ሜትር፣ ሁለቱ ደግሞ 1,280 ሜትር ገደማ ነበሩ። ዋናውን በተቻለ መጠን ነፋስ ወደሚበዛበት አቅጣጫ ያዞሩታል። በዚህ ንድፍ ብሪታኒያ ውስጥ ስንት የእርሻ መሬት በኮንክሪት እንደተሸፈነ ሳስበው አሁንም ይደንቀኛል።

ማታ ላይ አውሮፕላኖቹ ሜዳውን በሚዞረው የዳር መንገድ ተሰልፈው ወደተመረጠው ጫፍ ይመጣሉ። ጠላት እንዳይሰማ ሬዲዮ ዝም ይላል። ከማኮብኮቢያው ራስ ጥቁርና ነጭ የተለቀለቀ ትንሽ ጋሪ ቤት ቆሟል፤ ከውስጡ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ሲል አንዱ ይነሣል፣ ቀጣዩ ቦታውን ይይዛል። ዳር ላይ የቆሙት መካኒኮችና የጦሩ ሴቶች እጃቸውን ያውለበልባሉ።

ኮንክሪቱ ራሱ የግድ የመጣው ከአውሮፕላኖቹ ክብደት የተነሣ ነው። በሜይ 16 ቀን 1943 የጀርመንን ግድቦች ለመምታት 19 ላንካስተሮች ስካምፕተን ከሚባል ሌላ የአየር ሜዳ ሲነሡ ሜዳው ገና ሣር ነበር። ዘመቻውን በፊልም ላይ ብቻ የሚያውቁት ሰዎች ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም። በዚያው የአውሮፓ በጋ መጨረሻ ስካምፕተን ኮንክሪት ሊነጠፍለት ተዘጋ፤ 57ኛው ስኳድሮን ወደ ኢስት ከርክቢ የመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዳር መንገዱ ወጣ ወጣ ብለው ደግሞ ክብ ማቆሚያዎች ነበሩ። እጀታ ያለው ክብ ስለሚመስሉ ወታደሮቹ መጥበሻ ይሏቸው ነበር። አንድ ቦምብ ሁሉንም እንዳያጠፋ አውሮፕላኖቹን የሚበትኗቸው እዚያ ላይ ነበር። እንዲህም ሆኖ በኤፕሪል 17 ቀን 1945፣ ጦርነቱ በአውሮፓ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ኢስት ከርክቢ ላይ ቦምብ የተጫነበት ላንካስተር እሳት ይዞት ፈነዳ። ሰው ሞተ፣ ስድስት ላንካስተሮች ወደሙ። ተበትነው ባይቆሙ ኖሮ ምን ሊተርፍ ኖሯል?

ከጦርነቱ በኋላ መሬቱ ወደ እርሻ ተመለሰ። ፍሬድና ሃሮልድ ፓንተን የተባሉ ወንድማማች ዶሮ አርቢዎች ከቦታው ከፊሉን ገዙ። ክሪስቶፈር የሚባል ታላቅ ወንድማቸው የበረራ መሐንዲስ ነበር፤ 95 ቦምብ ጣዮች ሳይመለሱ በቀሩበት፣ በማርች 1944 በጀርመኗ ኑረንበርግ ላይ በተደረገው የሌሊት ድብደባ ሞቷል። በ1983 ለእሱ መታሰቢያ ብለው አንድ ላንካስተር ገዙ። ስሟ ጀስት ጄን ነው። ዛሬ በሜዳው ላይ በራሷ ሞተር ትሄዳለች።

እኔም አራቱ ሞተሮች ሲነሡ ከአጥሩ አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ። አንድ በአንድ ነው የሚነሡት፤ መጀመሪያ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ ከዚያ ድምፁ ጆሮ ሳይሆን ደረት ውስጥ ይገባል። አጠገቤ የነበረ ጎልማሳ ግን በዚያ ሁሉ መሀል ከኮንክሪቱ ጠርዝ ቁራጭ ፈልፍሎ ኪሱ ሲከት ነበር። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ከኢስት ከርክቢ የተነሡ ከ800 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ለብዙዎቹ ያ ጠርዝ በእግራቸው የረገጡት የመጨረሻው መሬት ነው።

ሰዉ ሁሉ ወደ ሻይ ቤቱ ሲገባ እኔ ወደቀረው የኮንክሪት ቁራጭ ሄድኩ። ስንጥቁ ውስጥ ሣር በቅሏል። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ነበር፤ ዞሬ ፊቴን ሰጠሁት።