ስለ ቀላል ማይክሮስኮፕ አሠራርና ጥቅም

የሰው ዓይን ብዙ ነገር ያያል፤ እጅግ የረቀቀውን ግን ለብቻው ሊያይ አይችልም። በፍኖተ ሰላም አጠገብ ከሚወርደው ከላህ ወንዝ ወይም በቡሬ ገጠር ካለ ምንጭ የተቀዳ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም፥ በውስጡ ረቂቃን ሕያዋን ሊኖሩ ይችላሉ። እነዚህን የሚገልጥ መሣሪያ ማይክሮስኮፕ ይባላል። ብዙ ሰው መሣሪያው ውድና ከባድ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ አንቶኒ ቫን ሌወንሁክ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበረ። እርሱም ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ፥ አንዲት ትንሽ ሌንስ ያለባት መሣሪያ በገዛ እጁ ሠርቶ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1674 ዓ.ም. በሐይቅ ውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ረቂቃን ፍጥረቶችን አየ።

ምሥጢሩ የሌንሷ ማነስ ነው። ድቡልቡል የሆነች የጠራ መስተዋት ፍሬ ባነሰች መጠን አብልጣ ታጐላለች፤ ይኸውም ወርዷ 3 ሚሊሜትር የሆነች 110 እጥፍ ያህል፥ 1 ሚሊሜትር የሆነች ደግሞ 330 እጥፍ ያህል ታጐላለች። መስተዋቱ ጥቂት ስለ ሆነ ዋጋውም ጥቂት ነው። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማኑ ፕራካሽና ባልደረቦቹ በዚሁ መንገድ ከወረቀት የሚታጠፍ፥ ፎልድስኮፕ የተባለ ማይክሮስኮፕ ሠርተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. አስታወቁ። ክብደቱ ከ10 ግራም በታች ነው፤ በብዛት ሲሠራም የዕቃው ዋጋ ከ1 ዶላር ያነሰ ነው።

ተማሪዎችም ያለ ወጪ ሊሞክሩት ይችላሉ። በቀጭን ቆርቆሮ ላይ በምስማር 2 ሚሊሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይበሳል፤ ዙሪያው በጥቂት ቅባት ይታሻል፤ በቀዳዳው ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ትደረጋለች። የዝንብ ክንፍ ወይም ስስ የሽንኩርት ሽፋን ከጠብታዋ ሥር በጣም አስጠግተው፥ ዓይንንም ከላይ አቅርበው በብርሃን ይመለከቱታል። ወደ ፀሐይ ግን ፈጽሞ መመልከት አይገባም፤ ዓይን ያጠፋልና።

ይህ መሣሪያ ለትምህርት እንጂ ለሕክምና አይደለም። አልፎንስ ላቬራን በ1880 በሰው ደም ውስጥ ያገኘውን የወባ ተውሳክ ለይቶ ለማወቅ፥ በቀለም የተነከረ ደም፥ 1000 እጥፍ ያህል የሚያጐላ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። በጠብታ ሌንስ ምንም ያልታየበት ውሃም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን የረቀቀውን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ልጅ፥ የሚጠጣው ውሃ ስለ ምን እንደሚፈላ፥ ትኩሳት የያዘውም ሰው ስለ ምን በጤና ጣቢያ ደሙ እንደሚመረመር ያስተውላል፤ ለቤተ ሰቡም ያስረዳል።